መሬት የዋጠው ነዳጅ የት ይደርሳል?

ናይጄሪያ በምዕራብ አፍሪካ ያለች አገር ናት። ከመሬቷ ብዙ ነዳጅ ይወጣል። በደቡብ በኩል፣ ሪቨርስ በሚባለው ግዛት፣ የኦጎኒ ሕዝብ ይኖራል። ኦጎኒዎች ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። እንደ ብዙዎቻችን የጉድጓድ ውሃ ይጠጣሉ። በመሬታቸው ላይ የነዳጅ ቧንቧ ያልፋል። ቧንቧው ሲዝግ ይቀደዳል፤ ሌባም ይበሳዋል። ያን ጊዜ ነዳጁ በእርሻው ላይ ይፈሳል።

የኦጎኒ ሰዎች ውሃቸው እንደተበከለ ያውቁ ነበር። አደገኛ መሆኑንም ያውቁ ነበር። ቢሆንም ለመጠጥም፣ ለወጥም፣ ለገላም ያንኑ ይቀዱ ነበር። ለምን ቢባል፣ ሌላ ውሃ አልነበራቸውም። ያላወቁት ብክለቱ ምን ያህል እንደሆነና እስከ የት እንደደረሰ ነበር። ይህን በዓይን አይቶ መናገር አይቻልም። መመርመር ያስፈልጋል።

ምርመራው እንዲገባን በመጀመሪያ ነዳጅ መሬት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ እንይ።

ነዳጅ መሬት ላይ ሲፈስ ጥቂቱ ይተናል። የቀረው ወደ ታች ይሰርጋል። ሲሰርግ ከፊሉ አፈሩን ይዞ ይቀራል። ፈሰሱ ብዙ ከሆነ ግን ከርሰ ምድር ውሃ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ አይሰምጥም። ነዳጅ ከውሃ ይቀላል፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በዝናብ ጊዜ መኪና በቆመበት ኩሬ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም አይታችሁ ይሆናል። መሬት ውስጥም እንደዚያው ነው።

የከፋው ነገር ግን የሚንሳፈፈው አይደለም። የሚንሳፈፈውማ ይታያል፣ ይሸታል። ከነዳጁ ውስጥ በውሃ የሚሟሟ አለ። ከእነዚህ አንዱ ቤንዜን ይባላል። መኪና ውስጥ ከምንጨምረው ቤንዚን ጋር ስሙ ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም፤ ቤንዜን በቤንዚን ውስጥ ከሚገኙት ነገሮች አንዱ ነው። ለብዙ ጊዜ የጠጣውን ሰው ለደም ካንሰር ሊዳርግ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ልክ በአንድ ሊትር ውሃ 10 ማይክሮግራም ነው። ይህ ምን ያህል ነው? 1 ግራም ቤንዜን የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ነው። ይህች ብቻ 100,000 ሊትር ውሃ ከልኩ ላይ ታደርሳለች። ባለ 200 ሊትር በርሜል ከሆነ 500 በርሜል ማለት ነው።

የተሟሟው ቤንዜን ከውሃው ጋር ይጓዛል። የከርሰ ምድር ውሃ እንደ ወንዝ አይሮጥም፤ ቀስ ብሎ በአሸዋና በጠጠር መካከል ይሄዳል። ስለዚህ ነዳጁ ከፈሰሰበት ራቅ ያለ ጉድጓድ ዛሬ ደህና ቢሆን ከዓመታት በኋላ ሊበላሽ ይችላል።

ታዲያ መርማሪ ምን ያደርጋል? ቀጫጭን ጉድጓዶችን በመሰርሰሪያ ይቆፍራል። ቢያንስ ሦስት መሆን አለባቸው፤ በአንድ መስመር ላይም አይደረደሩም። በየጉድጓዱ የውሃውን ከፍታ ይለካል። ውሃው ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት ስለሚሄድ፣ ብክለቱ ወዴት እንደሚያመራ በዚህ ይታወቃል። ከዚያ በንጹሕ ጠርሙስ ውሃ ይቀዳል። ጠርሙሱ እስከ አፉ ይሞላል፤ ባዶ ቦታ ከተተወ ቤንዜኑ ተኖ ያመልጣልና። በበረዶ ቀዝቅዞ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

በኦጎኒ ይህን ሥራ የሠራው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ነው። የመስክ ሥራው 14 ወር ፈጀ። ለዚሁ ሲባል 142 የመመልከቻ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። አፈር ለመመርመር ደግሞ 780 ቦታ ተሰረሰረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 ወጣ።

አንዱ ግኝት ለገበሬ በጣም የሚገባ ነው። ቀደም ሲል በኦጎኒ መሬት ሥር የሸክላ አፈር ንጣፍ አለ፣ ነዳጁን ወደ ታች አያሳልፍም ይባል ነበር። ሸክላ ውሃ እንደሚይዝ እኛም እናውቃለን። ሲሰረሰር ግን ንጣፉ የተያያዘ ሆኖ አልተገኘም። አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። ነዳጁ በክፍተቱ ወርዷል። ሁሉም የተማመነበት ክዳን ቀዳዳ ነበረው። ይህ ሊታወቅ የቻለው ብዙ ቦታ ስለተቆፈረ ነው።

ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በሚባለው መንደር የተገኘው ደግሞ የባሰ ነው። መንደሩ በነዳጅ ቧንቧ አጠገብ ነው። ሰዎች ከሚጠጡት ጉድጓድ የተቀዳው ውሃ ውስጥ ቤንዜኑ ከዓለም ጤና ድርጅት ልክ ከ900 ጊዜ በላይ ሆኖ ተገኘ። ለጉድጓዶቹ ውሃ በሚሰጠው ከርሰ ምድር ውሃ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ነዳጅ ተንሳፎ ነበር። አራት ጣት ያህል መሆኑ ነው። መርማሪዎቹ ከሁሉ አስቀድሞ ለመንደሩ አስቸኳይ እርምጃ ይወሰድ አሉ። የኦጎኒን ምድር መልሶ ለማዳን ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችልም ገመቱ። የማጽዳቱ ሥራ በይፋ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከሪፖርቱ በኋላ አምስት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ።

እኛ ዘንድ በብዙ መንደር የነዳጅ ቧንቧ የለም። የመስኖ ፓምፕ ግን አለ። የናፍጣ በርሜል አለ፣ የቤንዚን ጄሪካን አለ። በርሜሉን ከጉድጓዱ አጠገብና በላይ በኩል አታስቀምጡ። ነዳጅ ስትቀዱ መሬት ላይ እንዳይንጠባጠብ ከሥሩ ሳህን አድርጉ።

ውሃው ነዳጅ ከሸተተ አትጠጡት። ማፍላት ተዋሲያንን ይገድላል፤ ለነዳጅ ግን መድኃኒት አይደለም፤ እንፋሎቱንም ቤተሰብ ይተነፍሰዋል። ክሎሪንም አያጠፋውም። ደግሞ ጉድጓዱን ለማየት ክብሪት ወይም ኩራዝ ይዛችሁ አትጠጉ፤ እሳት ይነሣል። ሰውም አይግባበት፤ ጋዙ ያፍነዋል።

ነገሩን ለጤና ጣቢያና ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ማንበብና መጻፍ የተማረ አባል ደብተር ይያዝ። ሽታው በየትኛው ቀን ተጀመረ? በማን ጉድጓድ? ከዚያ በፊት ነዳጅ የፈሰሰው የት ነው? ስንት ሊትር ይሆናል? የጎረቤት ጉድጓዶችስ በስንት እርምጃ ይርቃሉ? መርማሪው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።