ናቹራል ወይስ ሶሻል፦ የ11ኛ ክፍል ምርጫ በቆቦ

ቆቦ ላይ 10ኛን ያለፈ ልጅ ክረምቱን ሙሉ የሚጠየቀው «ናቹራል ነው ሶሻል የምትገባው?» ተብሎ ነው። እስከ 10ኛ ክፍል ሁሉም እኩል ይማራል። 11ኛ ላይ ናቹራል የገባው ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን፣ ሶሻል የገባው ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስን ይዞ ይቀጥላል። የሚመረጠው እንግዲህ ትምህርት ሳይሆን ጥቅል ነው። ባዮሎጂና ታሪክ እኩል የሚወድ ልጅ አንዱን መተው ግዴታው ነው፤ ይህ ለ16 ዓመት ልጅ ከባድ ነው።

ድሮ ምርጫው ሰፋ ይል ነበር። በንጉሡ ዘመን የተስፋፉት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለሙ ጎን ንግድን፣ እርሻንና የእጅ ሙያን ያስተምሩ ነበር። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ሙያውን ለቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሰጥቶ 11ኛንና 12ኛን ለዩኒቨርሲቲ መሰናዶ አደረጋቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የገባው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርቶችን መልሷል፤ ለናቹራሎች ደግሞ ግብርና ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖላቸዋል።

ልጆች ግን የሚመርጡት መጽሐፉን አይተው አይደለም። መንግሥት ለዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ቦታ 70 በመቶውን ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስ ሲመድብ ቆይቷል። ሆኖም በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከናቹራል 339,642፣ ከሶሻል 556,878 ተማሪዎች ተቀመጡ። ከግማሽ በላይ ያመጡት ከናቹራል 6.8 በመቶ፣ ከሶሻል 1.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሶሻል ከበደ ማለት አይደለም። እኔ የማነበው ብዙ ልጅ ወደ ሶሻል የሚሄደው ወዶት ሳይሆን ፊዚክስን ሸሽቶ መሆኑን ነው፤ ሸሽቶ የገባ ደግሞ ታሪክንም በወጉ አያነብም።

ለቆቦና ለራያ ቆላ ልጅ የግብርናው ትምህርት የተለየ ዋጋ አለው። የመጽሐፉ ጉዳይ እርሻው ላይ ነው፦ ማሽላውን ሥሩ ላይ ተጣብቆ የሚመጠው አቀንጭራ፣ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ የሚመልሰው ጠለፋ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውኃ የሚለማው ሽንኩርት። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ቆቦ ላይ የሙከራ ጣቢያ አለው፤ አቀንጭራን የሚቋቋሙ እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉ የማሽላ ዝርያዎችም በአገራችን ተለቀዋል። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚገናኙት እዚህ ነው።

ችግሩ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ፈተና ለናቹራሎች ሦስቱን ሳይንሶች፣ ሒሳብን፣ እንግሊዝኛንና አፕቲትዩድን መጠየቁ ነው። ግብርና ካልተፈተነ ለልምምድ ጥያቄ መሥሪያ የሚሠዋው የእሱ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራኑ ይህን ክፍለ ጊዜ ባያስነኩ፣ ግቢው ውስጥም አንድ መደብ ላይ ደጋሌት የተባለውን የአካባቢውን ማሽላ፣ ከጎኑ ጎብዬ አስዘርተው የአቀንጭራውን ቡቃያ ቢያስቆጥሩ፣ የ10ኛ ክፍል ልጆች ከመምረጣቸው በፊት የሚያዩት ነገር ይኖራቸዋል።