ልጅ ያቦካው ለምን ይበቃል?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አበው። ስለ ራቱ ከሆነ ክርክር የለኝም። የአራት ዓመት ልጅ እጁን ሊጥ ውስጥ ከከተተ ግማሹ ወለሉ ላይ፣ ሩቡ ጸጉሩ ላይ ነው የሚቀረው። ተረቱን የምናነሣው ግን ብዙ ጊዜ ልጁን ከማዕድ ቤት ለማባረር ነው። «ሂድ ተጫወት» ብለን ቴሌቪዥን ፊት እናስቀምጠዋለን፤ ማታ ደግሞ ደብተርና እርሳስ አቅርበን «ና ተማር» እንለዋለን። ቀኑን ሙሉ ሊማርበት የሚችለውን ነገር እንዳይነካ ከልክለነው ከዋልን በኋላ ማለት ነው።

እዚህ የማወራው ከ3 እስከ 7 ዓመት ስላሉ ልጆች ነው። አገራችን ውስጥ የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ልጁ ኬጂ ቢገባም ባይገባም፣ ኦ-ክፍል ቢደርሰውም ባይደርሰውም፣ አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ቤት ነው። ስለ እነዚህ ዓመታት ከጎረቤት፣ ከቤተ ዘመድ፣ አንዳንዴም ከመምህራን የምንሰማቸው ነገሮች አሉ። ሙሉ በሙሉ ውሸት የሆነው ጥቂት ነው፤ የሚያሳስተው ግማሽ እውነት የሆነው ነው።

«ልጄ እስከ መቶ ይቆጥራል»

እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብ ትርኢት ነው። ልጁ ቆሞ እስከ መቶ ይወርደዋል፣ ይጨበጨብለታል። ቁጥር ማወቅና የቁጥር ስም በቃል መያዝ ግን ይለያያሉ።

ቡና እየተፈላ ነው እንበል። እናት «የኔ ቆንጆ፣ ስድስት ስኒ አምጪልኝ» ትላለች። እስከ ሃያ ሳትሳሳት የምትቆጥረው የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ እጇ የቻለውን ያህል ስኒ አቅፋ ትመጣለች። አልሰማችም ወይም እምቢ አለች ማለት አይደለም። «ስድስት» ለእሷ ከአምስት ቀጥሎ የሚጠራ ስም እንጂ ገና ብዛት አልሆነም። ሮቸል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስቴል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ መቁጠር የሚቆምባቸውን ነገሮች ለይተው አሳይተዋል፦ ስሞቹ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል መጠራት አለባቸው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ብቻ ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ የተጠራው ስም ደግሞ የሁሉም ብዛት ነው። በቃል የሚወርደው ልጅ ብዙውን ጊዜ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የቀሩትን ሁለቱን ረከቦቱ ያስተምራል። «ለአያትሽ አንድ፣ ለእትዬ አንድ፣ ለአባባ አንድ» እያለች ስኒ ስትደረድር አንድ ለአንድ ማዛመድን እየሠራችው ነው። ደርድራ ስትጨርስ «ስንት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቆጥራ ገና ከመጨረሷ ስንት እንደሆነ ስትጠየቅ እንደገና ከአንድ ከጀመረች፣ የመጨረሻው ቁጥር ብዛቱን እንደሚናገር ገና አልገባትም። አይቆጧትም፣ አያርሟትም። ነገም ቡና አለ።

ጨዋታም እንዲሁ ነው፤ ማንኛውም ጨዋታ ግን አይደለም። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ሕፃናትን በሁለት ቡድን ከፍለው አጫወቱ። አንደኛው ቡድን የተጫወተው ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተርታ በተጻፈባቸው ሳጥኖች ላይ ሲሆን ሁለተኛው የተጫወተው ቀለም ብቻ ባላቸው ሳጥኖች ላይ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተደረገ አራት አጭር ጊዜ ነው። በቁጥሮቹ ላይ የተጫወቱት የቁጥር ዕውቀታቸው ተሻሻለ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም አልጠፋም። በቀለም የተጫወቱት እንደነበሩ ቀሩ። ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ሲሠመር ሳጥኖቹ ባዶ ከሚቀሩ ቁጥር ቢጻፍባቸው የሚያስከፍለው ጠመኔ ብቻ ነው።

መጠንን ለማስተያየት ደግሞ ውኃና ሦስት ብርጭቆ፣ ሁለት እኩል ሰፊና አንድ ረጅም ቀጭን፣ ይበቃል። በሁለቱ ሰፊዎች እኩል ውኃ ይደረግ፤ ልጁ እያየ የአንዱ ወደ ቀጭኑ ይገልበጥና «የቱ ይበዛል?» ይባል። የአምስት ዓመት ልጅ በአብዛኛው ረጅሙን ያሳያል። ይህን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዣን ፒያዤ ካሳየ ብዙ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ዓይን ከፍታውን እንጂ ስፋቱን አብሮ አያመዛዝንም። ይገልብጥ፣ ይመልስ፣ ይድፋ። መወልወያውን ማዘጋጀት ነው።

«ፊደል ቆጥሮ ጨርሷል»

33 ተራ በ7 ረድፍ 231 ሆሄ ነው። ብዙ ልጅ ይህን ገበታ ከላይ እስከ ታች በዜማ ይዘልቀዋል። ከዚያ ጣትዎን «ሂ» ላይ ያድርጉና «ይሄ ማነው?» ይበሉት። ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብሎ ከመነሻው ይጀምራል። ያነበበው አፉ እንጂ ዓይኑ አይደለም።

ይህን ድክመት የዘመኑ ትምህርት አላገኘውም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። ሀ ሁን ያወረደ ተማሪ ወዲያው ወደ ንባብ አይሄድም፤ አቡጊዳ ይገባል፤ ሆሄያቱ ቦታ ተለዋውጠው ይጠብቁታል። በዜማ የያዘው ሁሉ እዚያ ይፈተናል። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌል፣ ዳዊት። ዛሬ ገበታውን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ሀ ሁን ስንደጋግም የምንውል ወላጆች ከድሮው ትምህርት ጠቃሚውን ግማሽ ጥለን አድካሚውን ይዘናል።

ቤት ውስጥ አቡጊዳውን የሚተካ ብዙ ነገር አለ። የጨውና የስኳር ዕቃ ላይ ስማቸውን በትልቁ መጻፍ፤ ልጁ ሲላክ አንብቦ ያምጣ። ታክሲ ላይ የተለጠፈው «መገናኛ» እና «ሜክሲኮ» ሁለቱም በመ ቤት ይጀምራሉ፤ አንዱ «መ»፣ አንዱ «ሜ»፤ ልዩነቱን ራሱ ይፈልገው። ቡ፣ ሱ፣ ኩ ቀኝ ወገባቸው ላይ ጭረት እንዳላቸው፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ ደግሞ እግራቸው ላይ ቀለበት እንዳጠለቁ ያየ ልጅ 231 ቅርፅ አንድ በአንድ የመሸምደድ ዕዳ የለበትም። የሚቀሩት አፈንጋጮቹ ናቸው።

ፊደላችን ለዚህ ዕድሜ ምቹ የሆነበት ምክንያትም አለ። ሳድሱ አንዳንዴ ቢያፈነግጥም አንድ ሆሄ በአብዛኛው አንድ ቀለም ነው፤ «ቡ-ና» ብሎ እያጨበጨበ የከፈለ ልጅ ስንት ፊደል እንደሚያስፈልገው ከመጻፉ በፊት ያውቃል። ይህን እየዘፈነ፣ ካልሲ እያጣመረ ሊሠራው ይችላል። ደብተር አያስፈልግም።

«ያልተማረች እናት ምን ታስተምራለች?»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቦስተን አካባቢ ያሉ ተመራማሪዎች ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆኑ 36 ልጆችን ቤታቸው ውስጥ የሚሰሙትንና የሚናገሩትን ቀረጹ፤ ተረት ሲያዳምጡም አንጎላቸውን በምስል ተመለከቱ። ቋንቋን በሚመለከተው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ላይ ልዩነት ሆኖ የታየው ልጁ ከትልቅ ሰው የሰማው የቃል ብዛት አልነበረም፤ ከሰው ጋር ተራ ተቀያይሮ የተነጋገረበት ብዛት ነው። ውጤቱ የወላጅ ገቢና የትምህርት ደረጃ ከግምት ገብቶም አልተለወጠም።

እዚህ ላይ ራሳችንን ብንታዘብ ደግ ነው። «ና፣ ሂድ፣ አምጣ፣ አትንካ፣ ዝም በል» ቃል አላነሰውም፤ ለልጁ የሚናገርበት ተራ ግን አይሰጥም። ልዩነቱን ምጣድ ዳር እንየው።

«እማዬ፣ እንጀራው ለምን ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነ?»

«አንተስ ምን ይመስልሃል?»

«ትል በልቶት።»

«ትል ቢሆን እንበላው ነበር? ትናንት ሊጡን ከፍተን ስናይ ላዩ ላይ ምን ነበረ?»

«አረፋ! ፏ ፏ የሚል።»

«ታዲያ ያ አረፋ እሳት ሲነካው የት የሚሄድ ይመስልሃል?»

እርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ሊጡን ሲያቦኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፤ ጋዙ በሙቀት ፈንድቶ ሲወጣ ዓይን ይተዋል። እናትየዋ ይህን ስም ሰምታ ባታውቅ ምንም አይጎድልም። ልጁን ያስታወሰችው፣ ያነጻጸረችለት፣ እንዲገምት የተወችው እሷ ናት። ስሙን በኋላ ትምህርት ቤት ይሰጡታል።

እንቆቅልሽም ከዚሁ ወገን ነው። «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ»፤ ተራው አብሮት የተሠራ ነው። መልሱ ከጠፋ «አገር ስጠኝ» ይመጣል፤ ልጁ ጎንደርን ሰጥቶ እምቢ ሲባል ሐረርን፣ ሐረርን ሰጥቶ ጅማን እያለ ሳያውቀው የአገር ስም ይሰበስባል። ፊደል ያልቆጠረች አያት ይህን ከማንም የተሻለ ታስኬደዋለች።

በአጭሩ የሚታለፉ

«ማዕድ ቤት የሴት ልጅ ነው» ለሚሉ፦ ወንዱም መቁጠር፣ መለካትና ማስተያየት ይማር ዘንድ ሰፌዱ ይሰጠው። ምስር ሲለቅም ጠጠሯን ከፍሬው በሁለት ጣት የሚያወጣበት አያያዝ በኋላ እርሳስ ለመያዝ ጣቱን የሚያዘጋጅለት ነው። እሳት፣ የፈላ ዘይት፣ በርበሬና ስለት ግን የልጅ አይደሉም፤ በዚህ ድርድር የለም።

«ሞባይሉም ያስተምረዋል» ለሚሉ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ለሆኑ ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ከ3 እስከ 4 ዓመት ያሉት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው። ውኃ ማመላለስ፣ ልብስ ማስጣት፣ ግቢ መጥረግ ይቆጠራል።

«ቤት የዋለ ልጅ ሰው አይለምድም» የሚለው ደግሞ እንደ ቤቱ ነው። የጋራ ግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ የሚቸግረው የሰው እጦት አይደለም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተዘግቶበት የሚውለው ግን ይቸግረዋል፤ እዚህ ላይ አባባሉ ትክክል ነው፤ ወላጅ አስቦ ሊያወጣው ይገባል።

ውጭ አገር ላሉት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ መናገር ልጁን አያዘገየውም። ሁለት ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢቀላቅል የተለመደ ነው። የሚጎዳው ወላጅ በማይቀናው እንግሊዝኛ ጥቂት ቃል ብቻ እየተናገረ ጨዋታውን ሲያሳጥርበት ነው። ሁለተኛ፣ ልጅን ሙሉ በሙሉ ቤት ማስተማር «የወላጅ መብት ስለሆነ የትም ይቻላል» የሚባለው ስሕተት ነው። በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ደንቡ ግን አንድ አይደለም፤ ቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቅን፣ ሜሪላንድ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ማሳወቅን ትጠይቃለች። እንግሊዝ ትፈቅዳለች። ጀርመን አትፈቅድም፤ ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2006 ከጀርመን የቀረበለትን የወላጆች አቤቱታ አልተቀበለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የምትፈቅደው በልዩ ሁኔታ ብቻ ነው።

«ኑሮ ራሱ ያስተምረዋል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

እስካሁን የጻፍኩትን አንብቦ ወደዚህ የሚሮጥ ወላጅ ይኖራል። ይቆይ።

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ አንድ የብራዚል ጥናት አለ። ሬሲፊ ከተማ ውስጥ መንገድ ላይ የሚነግዱ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ልጆችን ተመራማሪዎቹ ደንበኛ መስለው አስሠሯቸው። ልጆቹ መደባቸው ፊት የቀረበላቸውን ሒሳብ 98 በመቶ በትክክል መለሱ። አንዱ ኮኮናት 35 የሚሸጥ የ12 ዓመት ልጅ የአራቱን ሲጠየቅ የሦስቱ 105 እንደሆነ ያውቃል፤ 30 ጨመረበት፣ 135፤ ከዚያ 140 አለ። በኋላ ወረቀት ተሰጥቶት 35 ሲባዛ በ4 ስንት ነው ተባለ። እጁ ላይ የያዘውን ቁጥር ያለቦታው ደምሮ 200 ብሎ ጻፈ። እንዲህ በባዶ ቁጥር የቀረቡትን ልጆቹ የመለሱት 37 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው።

ልጁ ሒሳብ ያውቃል። የሚያውቀውን ከወረቀቱ ጋር ያገናኘለት ግን የለም። የኛም ልጅ ጉልት ሄዶ ሽንኩርት ገዝቶ፣ መልሱን ቆጥሮ ሲመጣ ጎበዝ ነው፤ ክፍል ውስጥ ያንኑ የመቀነስ ሒሳብ በምልክት ሲያየው ባዕድ እንዳይሆንበት ቤት ሲመለስ የሚጨመር ትንሽ ሥራ አለ። መጀመሪያ የሰጠውንና የተመለሰለትን ብር ጠረጴዛ ላይ ይደርድር። ሌላ ቀን በሥዕል ያስቀምጠው፤ አንድ ብር አንድ ክብ። ክቡ ሲበዛበትና ሲሰለቸው ቁጥሩን ያሳዩት፤ ያኔ ቁጥሩ ከድካም የሚያወጣው ነገር ይሆንለታል። የመቀነስ ምልክቷ መጨረሻ ላይ ትመጣለች፤ «የከፈልከውን የምትነግር ይህቺ ናት» ተብሎ። ለስድስት ዓመት ተኩል ልጅ ይህ ይሆናል። የሦስት ዓመቷ ግን ገና ስኒዋን ትደርድር።