የዱካ ስምና ልዩ ምልክቶች፦ ስለ ውሂብ ጎታ ምትኬ አሰያየም

በጽሕፈታችን እዝባር (/) የአሕጽሮት ምልክት ነው። «መ/ቤት»፣ «ት/ቤት»፣ «ወ/ሮ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው ሳይደናገር ሙሉውን ቃል ያነባል። በኮምፒዩተር ዘንድ ግን ይኸው ምልክት አንዱን አቃፊ ከሌላው የሚለይ ድንበር ነው። ይህ የግብር ልዩነት ሳይስተዋል ሲቀር የብዙ ወራት መዝገብ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ቃላቱንና አሠራሩን አያይዘን እናብራራለን።

አስቀድመን ስያሜዎቹን እንመልከት። «ዳታ» በላቲን «የተሰጡ» ማለት ነው፤ «ውሂብ»ም ከግእዙ «ወሀበ»፣ ማለትም «ሰጠ»፣ የወጣ በመሆኑ ከመነሻው ፍች ጋር ይስማማል። «ጎታ» የእህል ማኖሪያ ስለ ሆነ «የውሂብ ጎታ» ለገበሬውም ለጸሐፊውም ግልጽ ነው። «ምትኬ» ከ«ተካ» የተገኘ ሲሆን፣ ዋናው ሲጠፋ በቦታው የሚተካው ቅጂ ነው። «ዱካ» ደግሞ ፋይሉ ወዳለበት የሚያደርሱትን አቃፊዎች በቅደም ተከተል የሚያመለክት ነው።

አሁን ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሸቤ፣ የአባላቱን የእሸት ቡና ርክክብ በኮምፒዩተር የሚመዘግብ ማኅበር አለ እንበል። መዝጋቢው ምትኬውን «የሸቤ ቡና ኅ/ሥ/ማኅበር 12/3/2016» ብሎ ይሰይመዋል። ኮምፒዩተሩ ግን ይህን እንደ አንድ ስም አይቀበለውም፤ አራት አቃፊዎችንና «2016» የተባለ አንድ ፋይል አድርጎ ይረዳዋል። አቃፊዎቹ ስለሌሉም ምትኬው ሳይጻፍ ይቀራል። ትእዛዙ ሰው በሌለበት ሌሊት የሚፈጸም ከሆነ ስሕተቱን የሚያይ አይኖርም፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ዋናው መዝገብ በተበላሸ ዕለት ነው።

ሌሎቹም ምልክቶች እንደየጠባያቸው ጥንቃቄ ይሻሉ።

ሀ) ባዶ ቦታ። ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም ባዶ ቦታን የቃል ወሰን ስለሚያደርገው «የሸቤ ቡና» ሁለት የተለያዩ ስሞች ይሆኑበታል። ዱካውን በትምህርተ ጥቅስ ማቀፍ ይህን ያስቀራል። በሊኑክስ ከባዶ ቦታው በፊት ግራ ዘመም እዝባር ማስገባትም ይቻላል፤ የተከታዩን ምልክት ልዩ ሥልጣን ስለሚሽር «ሻሪ ምልክት» ብንለው የሚስማማ ይመስለናል። በዊንዶውስ ግን ግራ ዘመሙ እዝባር ራሱ የአቃፊ ድንበር ነው። ቀኝ ዘመሙን እዝባር ግን ጥቅስም ሆነ ሻሪ የስም አካል አያደርገውም።

ለ) ሁለት ነጥብ። የፊደላችን ሁለት ነጥብ (፡) እና የላቲኑ (:) ለዓይን ቢመሳሰሉም የተለያዩ ናቸው። የላቲኑ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም «ሸቤ:ቡና» ተብሎ ሲታዘዝ «ሸቤ» የተባለ ባዶ መሳይ ፋይል ፈጥሮ ይዘቱን ከበስተኋላው ይሰውረዋል፤ ፋይሉ ወደ ፍላሽ ዲስክ ሲገለበጥም የተሰወረው ክፍል ሊቀር ይችላል።

ሐ) ሞክሼ ፊደላት። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ «ኅብረት» እና «ህብረት» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ሁለት ስሞች ናቸው። በአንዱ አጻጻፍ የተቀመጠ ምትኬ በሌላው ሲፈለግ አይገኝም።

መ) ርዝመት። ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በሊኑክስ ዘንድ የተለመደው የአንድ ፋይል ስም ወሰን 255 ባይት ስለ ሆነ ከ85 ፊደላት በላይ አይጻፍም።

ከዚህ በመነሣት የምንመክረው አሰያየም «ሸቤ_ቡና_2016_03_12» የመሰለውን ነው። አሕጽሮትና ባዶ ቦታ የለበትም፤ ዓመቱ ስለሚቀድም ፋይሎቹ በዘመን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። የማኅበሩ ሙሉ ስም በመዝገቡ ውስጥ በክብር ይጻፍ፤ የፋይሉ ስም ግን ማግኛ ብቻ ይሁን። የአጻጻፉም ሥርዓት በአንድ ገጽ ተጽፎ ለተተኪው ሠራተኛ ይተላለፍ።

በመጨረሻም፣ ምትኬ መኖሩ የሚረጋገጠው ስሙ በዝርዝር ውስጥ በመታየቱ ሳይሆን ተከፍቶ ወደ ውሂብ ጎታው በትክክል ሲመለስ ነው። ጎታው መሙላቱ የሚታወቀው ክዳኑ ተነሥቶ ውስጡ ሲታይ ነውና።