«የሂሳብ ባለሙያ» ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ሲበዛና ሲያንስ ምን ይነግረናል?

ብዙዎቻችን የሂሳብ ባለሙያ ትዝ የሚለን ግብር ሲደርስ ነው። ጎግል ትሬንድስ የተባለው ነጻ አገልግሎት ሰዎች አንድን ቃል ኢንተርኔት ላይ መቼና ከየት አብዝተው እንደፈለጉ በመስመር ያሳያል። በመተማና በገዳሪፍ መካከል ለሚነግድ ሰው ይጠቅማል፤ አነባበቡን ላላወቀ ግን ያሳስታል።

ልኬቱ ከ0 እስከ 100 ነው። 100 ማለት መቶ ሰው ማለት አይደለም፤ በመረጡት ቦታና ጊዜ ውስጥ ቃሉ ከጠቅላላው ፍለጋ ትልቁን ድርሻ የያዘበት ወቅት ነው። 50 የዚያ ግማሽ ነው። 0 ደግሞ መረጃው እጅግ አነስተኛ መሆኑን እንጂ ፈላጊ አለመኖሩን አያሳይም።

ይህ በእኛ ድንበር ላይ በተለይ ሊጤን ይገባል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. በጥር መጨረሻ ደግሞ በሱዳን የስልክና የኢንተርኔት መስመር በሰፊው ተቋርጧል። በእነዚህ ጊዜያት መስመሩ ቢወርድ መረቡ ስለጠፋ እንጂ ነጋዴው ባለሙያ ስላልፈለገ ላይሆን ይችላል።

ቃሉንም ይለዩ። የገዳሪፍ ነጋዴ በዐረብኛ «ሙሐሲብ» ብሎ ሲፈልግ የመተማው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይፈልጋል። «አካውንታንት» ብሎ የሚጽፈው ደግሞ ሥራ የሚፈልግ ተመራቂም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን ይመልከቱ። በኢትዮጵያ ሂሳቡን ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃል። መስመሩ በየዓመቱ በእነዚህ ወራት ከፍ የሚል ከሆነ ሁሉም ባለሙያ የሚፈልገው በአንድ ጊዜ ነው ማለት ነው። ያኔ የሄደ ነጋዴ ወረፋ ይጠብቃል፤ ባለሙያውም የአንድ ዓመት ወረቀት በጥቂት ቀናት ለማገላበጥ ይገደዳል። የሂሳብ መዝገብ ያላቀረበ ሰው ደግሞ ግብሩ በግምት ሊወሰንበት ይችላል፤ የሞተው በሬና የከሰረው ጉዞ በማስረጃ ካልተደገፈ ማን ያምነዋል?

ስለዚህ ባለሙያዎን ገበያው ሳይጨናነቅ፣ በግንቦት ያነጋግሩ። የግዢ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የባንክ ወረቀት በየጉዞው ለይተው ያስቀምጡ። በብርና በሱዳን ፓውንድ የተደረገውን ክፍያ በዕለቱ ምንዛሪ ይመዝግቡ። መስመሩ የሚፈለግበትን ወቅት ቢያሳይም የባለሙያውን ብቃት አያሳይም፤ ፈቃድ ያለው መሆኑን ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ያረጋግጡ።