አይፒ፦ ፕሮቲንን ከነባልደረባው መጎተት

ፒ53 የሚባለውን ፕሮቲን የማያውቅ የካንሰር ተመራማሪ የለም። በሰው ላይ ከሚከሰቱት ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ ውስጥ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። እንዴት እንደተገኘ ግን እምብዛም አይነገርም። ማንም ፈልጎት አልነበረም። በ1979 (የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው) ለንደን ውስጥ ዴቪድ ሌንና ላየነል ክሮፎርድ፣ አሜሪካ ፕሪንስተን ውስጥ ደግሞ ዳንኤል ሊንዘርና አርኖልድ ሌቪን ኤስቪ40 የተባለው የጦጣ ቫይረስ ሕዋስን እንዴት ወደ ካንሰር እንደሚለውጥ ያጠኑ ነበር። የቫይረሱን ዋና ፕሮቲን በአንቲቦዲ ይዘው ከፈረሰው ሕዋስ ሲያወጡት፣ የዱባ ሐረግ ሲጎተት ዱባው ተከትሎ እንደሚመጣ ሁሉ፣ የሕዋሱ የራሱ የሆነ ሌላ ፕሮቲን አብሮ ወጣ። ደግመው ቢሠሩትም መጣ። ያ ተከትሎ የመጣው ፒ53 ነው። አሥር ዓመት ያህል የካንሰር አባባሽ ተብሎ ሲታማ ኖሮ፣ ተከላካይ መሆኑ በውል የታወቀው በ1989 ነው።

ፒ53 የተገኘበት ዘዴ ኢሚዩኖፕሪሲፒቴሽን ይባላል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ባጭሩ አይፒ እንለዋለን። ዋጋው ከፍ ያለ ማሽን አይፈልግም። በረዶ፣ ሴንትሪፉጅ፣ ጥሩ አንቲቦዲና ትዕግሥት ካለ ይበቃል። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል የሚናቀው። በየጉባኤው የሚጨበጨበው ለአዲሱ ማይክሮስኮፕና ለማስ ስፔክትሮሜትሩ ነው፤ አይፒ ግን በየጽሑፉ ሦስተኛው ሥዕል ላይ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሕዋሳቱን በረዶ ላይ አስቀምጠን ሳሙና ባለበት ፈሳሽ እናፈርሳቸዋለን፤ የምንፈልገውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ እንጨምራለን፤ አንቲቦዲውን በጥቃቅን ዶቃዎች እንይዘዋለን፤ ዶቃውን ደጋግመን እናጥባለን፤ በመጨረሻ ቀቅለን ጄል ላይ እንነዳውና ማን አብሮ እንደመጣ በዌስተርን ብሎት፣ ማለትም በሌላ አንቲቦዲ በማንበብ፣ እናያለን። ዶቃው አንቲቦዲውን የሚይዝበት ፕሮቲን ኤ የተገኘው ቁስል ከሚያመግለው ባክቴሪያ ከስታፊሎኮከስ ኦውረስ ነው። ባክቴሪያው የሰውን አንቲቦዲ በጭራው በኩል ይዞ ከሥራ ውጭ ለማድረግ ይጠቀምበታል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቱቦው ውስጥ የሚጨመረው የሞተው ባክቴሪያ ራሱ ነበር፤ ዶቃው በኋላ የመጣ ምቾት ነው።

ፕሮቲኖች ብቻቸውን እንደማይሠሩ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የጂንን ፊደል ብቻ ማንበብ ለምን እንደማይበቃ ግን አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በተለይ ዓይነት 16ና 18፣ የማኅፀን በር ካንሰር ያመጣል። በብዙዎቹ የማኅፀን በር ካንሰሮች ውስጥ የፒ53 ጂን ደህና ነው፤ ሕዋሱ ፕሮቲኑንም ይሠራል። ነገር ግን የቫይረሱ ኢ6 የተባለ ፕሮቲን ኢ6ኤፒ የሚባለውን የሕዋሱን ኢንዛይም ይይዛል፤ ሁለቱ ተጋግዘው ፒ53ን ያንቁና «ይወገድ» የሚል ምልክት ለጥፈውበት ፕሮቲን ወደሚፈጭበት ወደ ፕሮቲያዞም ይልኩታል። ከ1990 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት የተገለጠው ይህ ነው። ጂኑን ብቻ ያነበበ ሰው አንዳች ጉድለት አያይም፤ በሽታው ያለው በመያያዙ ውስጥ ነውና። አገራችን ውስጥ ይህ ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛነት የሚታይ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ኢ6ን አይነካም፤ ቫይረሱን የሚያስቆመው ገና ሕዋስ ሳይገባ ነው። ከገባ በኋላ የሚሆነውን ያሳወቀን ግን እንዲህ ያለው የቱቦና የጄል ሥራ ነው።

አሁን ስለ አንድ ወጥመድ። በፒ53 ስም ውስጥ ያለው 53 ጄል ላይ የተነበበ ክብደት ነው፤ 53 ኪሎዳልተን። እውነተኛ ክብደቱ 44 ገደማ ነው፤ ፕሮሊን የሚበዛበት ክፍሉ ጄሉ ውስጥ ጉዞውን ስለሚያዘገየው ከባድ ይመስላል። ችግሩ ጎረቤቱ ነው። ለመጎተቻ የተጠቀምንበት አንቲቦዲ ሲቀቀል ይለያይና ከባዱ ሰንሰለት 50 ኪሎዳልተን አካባቢ፣ ቀላሉ 25 አካባቢ ይቆማል። በ1979 የሕዋሱ ፕሮቲኖች በራዲዮአክቲቭ ሜቲዮኒን ምልክት ተደርጎባቸው ስለነበር አንቲቦዲው ፊልሙ ላይ አይታይም ነበር። የዛሬው ዌስተርን ብሎት ግን ሁለቱንም ያሳያል። በአይጥ አንቲቦዲ ጎትቶ በአይጥ አንቲቦዲ የሚያነብ ሰው 50 አጠገብ ወፍራም ጥቁር ባንድ አግኝቶ «ፒ53 መጣልኝ» ቢል ምንም አላየም፤ ያየው የራሱን አንቲቦዲ ነው። በአይጥ ጎትቶ በጥንቸል ማንበብ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ይህን ያህል ቀላል መፍትሔ እያለ እስካሁን እንዲህ ያለ ሥዕል ታትሞ ሳይ እናደዳለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ማፍረሻው ፈሳሽ ነው። ሰው ስለ አንቲቦዲው ይጨነቃል፤ ከየት እንደተገዛ፣ ስንት ማይክሮግራም እንደተጨመረ ይጽፋል። ፈሳሹን ግን ፍሪጅ ከፍቶ ያገኘውን ይቀዳል። ጠርሙሱ ላይ «ማፍረሻ» ብቻ ተጽፎበት ቀንም ይዘትም የሌለው ባፈር ያላየሁበት ላብራቶሪ የለም። አይፒ የሚሰጠው መልስ ግማሹ እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ነው።

ሕዋስ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን እናስብ። ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን እጅግ የተጨናነቀ ነው፤ በአንድ ሚሊሊትር 200 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቱቦው ውስጥ ከ1 እስከ 5 ሚሊግራም ይሆናል። በዚህ መቅጠን ብቻ የላላ መያያዝ ይፈታል። ማይክሮሞላር ደረጃ ያለው የላላ ጥምረት ብዙውን ጊዜ በሰከንድ አካባቢ ይላቀቃል፤ እኛ ግን ዶቃውን ለብዙ ደቂቃ እናጥባለን። ስለዚህ ባንድ አለመታየቱ ሁለቱ አይገናኙም ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀው ተቃራኒው ነው፤ ሕዋስ ውስጥ ያልተያያዙት ቱቦው ውስጥ ሊያያዙ ይችላሉ። አንዱ ኒውክለስ ውስጥ፣ ሌላው ከኒውክለስ ውጭ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ፕሮቲኖች፣ ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ በአንድ ቱቦ ውስጥ ለሰዓታት አብረው ይሽከረከራሉ። በ2004 ስታቭሩላ ሚሊና ጆአን ስታይትዝ አር.ኤን.ኤ ያዥ ፕሮቲኖች ከሕዋስ መፍረስ በኋላ እንደ አዲስ እንደሚያያዙ አሳይተዋል።

ከዚህም የሚብስ አለ፤ ፈሳሹ ራሱ አያያዥ ሲሆን። ቢሲኤል-2 ሕዋስ እንዳይሞት የሚከላከል ፕሮቲን ነው፤ ባክስ ደግሞ የሚገድል። በ1993 የስታንሊ ኮርስማየር ቡድን ቢሲኤል-2ን ሲጎትት 21 ኪሎዳልተን የሚሆን ፕሮቲን አብሮ መጣ፤ ባክስ የተገኘው እንዲሁ ነው። ከአይፒ ታላላቅ ድሎች አንዱ ነው። በ1997 ግን ዪ-ቴ ህሱና ሪቻርድ ዩል አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አወጡ። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ባክስ በአብዛኛው በሕዋሱ የውስጥ ፈሳሽ ውስጥ ለብቻው ይንሳፈፋል፤ ቢሲኤል-2 ግን ማይቶኮንድሪያ ሽፋን ላይና በሌሎች ሽፋኖች ላይ ተሰክቶ ይኖራል። ሕዋሱን በትራይተን ኤክስ-100 ወይም በኖኒዴት ፒ-40 ሲያፈርሱት ሳሙናው የባክስን ቅርጽ ይለውጠዋል፤ ተደብቆ የነበረው የጫፉ ክፍል ይገለጣል፤ ባክስም ከእነ ቢሲኤል-2 ጋር ይጣመራል። ቻፕስ በተባለው ሌላ ሳሙና ሲያፈርሱት ግን ይህ አይሆንም። ሕዋሱ አንድ፣ አንቲቦዲው አንድ፤ የተለየው ሳሙናው ብቻ ነው።

አንድ ወጣት ተመራማሪ በዚሁ የፕሮቲን ቤተሰብ ላይ ሲሠራ የጄሉን ፎቶ በስልኩ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ይኸው ተያይዘዋል!» አለኝ ፊቱ በርቶ።

«በምን አፈረስካቸው?»

«በተለመደው።»

«የተለመደው ምንድን ነው?»

ጠርሙሱን ሊያይ ሄደ። ትራይተን ነበር፤ አንድ ፐርሰንት። በቻፕስ እንዲደግመው ነገርኩት። ከጤነኛው ሕዋስ ባንዱ ጠፋ። ልጁ አዘነ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፤ አሁን የሚጠየቅ ጥያቄ አገኘ ማለት ነውና፦ ሁለቱ መቼ ነው በእርግጥ የሚገናኙት?

እዚህ ላይ አይፒ ዋሸ የሚሉትን አልቀበልም። የ1993ቱ ግኝት እውነት ነው፤ ቢሲኤል-2 ባክስን ይይዛል። በእርጋታ ዘመን በሕዋሱ የውስጥ ፈሳሽ ውስጥ አይደለም እንጂ፣ ሕዋሱ የሞት ምልክት ደርሶት ባክስ ቅርጹን ቀይሮ ሽፋኑ ላይ ሲወጣ ይይዘዋል፤ እንደ ቢም ያሉ የሞት መልእክተኞችንም እንዲሁ። ሳሙናው የቀየረው ሰዓቱንና ቦታውን ነው። ይህ ልዩነት መድኃኒት የሚያስገኝ ነው። በ2016 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቬኔቶክላክስ የሚሠራው ቢሲኤል-2 ባልደረቦቹን የሚይዝበት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ በመቀመጥ ነው፤ ታስረው የነበሩት ገዳዮች ይለቀቃሉ፤ የካንሰሩ ሕዋስ ይሞታል። መጀመሪያ የተፈቀደላቸው ሥር የሰደደ የሊምፎሳይት ሉኪሚያ ይዟቸው የክሮሞሶም 17 አጭር ክንድ የጎደለባቸው ሕሙማን ነበሩ። የፒ53 ጂን ያለው እዚያ ክንድ ላይ ነው። ፒ53ን አጥተው ለሌላው መድኃኒት አልበገር ያሉ ሕዋሳት፣ የሁለት ፕሮቲኖች መያያዝ ሲቋረጥ ተሸነፉ።

ስለዚህ ልማዴን ልናገር። ሁለት ፕሮቲኖች ተያያዙ ከማለቴ በፊት ሁለቱን በተለያየ ሳህን ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ለየብቻ እንዲሠሩ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ሕዋሳቱን ቀላቅዬ አፈርሳለሁ። ያን ጊዜም አብረው ከመጡ የተገናኙት ቱቦው ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የመገናኘት ዕድል አልነበራቸውምና። ዲ.ኤን.ኤ ያዥ ፕሮቲኖች ከሆኑ ደግሞ ዲ.ኤን.ኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም፣ ኑክሊዬዝ፣ እጨምራለሁ፤ አንዱን የዲ.ኤን.ኤ ቁራጭ ሁለቱም ስለያዙት ብቻ አብረው የሚመጡ ብዙ ናቸው። የምጎትተው ፕሮቲን ጂኑ የተወገደበት ሕዋስ ካለኝ፣ እሱ ከሁሉ የሚበልጥ ኮንትሮል ነው፤ ከዚያ ሕዋስ ላይ የሚመጣ ባንድ ሁሉ ከአንቲቦዲው ወይም ከዶቃው የተጣበቀ ነው። ሪፓ በተባለው ጠንካራ ባፈር አፍርሰው ባልደረባ የሚፈልጉትን ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም። ኤስዲኤስ የተባለው ኃይለኛ ሳሙና ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ስንት ጥምረት ይተርፋል?

አሁን አሁን ወጣቶቹ ወደ ባዮአይዲ ያዘነብላሉ፤ አይፈረድባቸውም። በ2012 የወጣው ይህ ዘዴ አንድ ኢንዛይም ከምናጠናው ፕሮቲን ጋር ያጋባል፤ ኢንዛይሙ ሕዋሱ በሕይወት እያለ በ10 ናኖሜትር አካባቢ ያሉትን ጎረቤቶች ባዮቲን የሚባል ምልክት ይለጥፍባቸዋል። ሕዋሱ ከፈረሰ በኋላ የተገናኘ አይቆጠርም፤ ለኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ነገር ግን መጎራበት መያያዝ አይደለም። ባዮአይዲ ረጅም የስም ዝርዝር ይሰጣል፤ ከዝርዝሩ ማን ማንን እንደያዘ ለማወቅ የምመለሰው ወደ አይፒ ነው። ከዚያው ሳህን የተወሰዱትን ሕዋሳት ሁለት ቦታ ከፍዬ አንዱን በትራይተን፣ አንዱን በቻፕስ አፈርሳለሁ፤ ያልጎተትኩበትን ጥሬ ናሙና አስቀርቼ በአንድ ጄል ላይ ጎን ለጎን እነዳቸዋለሁ፤ የሳሙናውን ስም፣ መጠኑንና የጨውን ልክ ከሥዕሉ ሥር እጽፋለሁ።