የወተት ደንብ ሲጠብቅ የወተት አክሲዮን ስለ መግዛት
ለመቀሌና ለአካባቢዋ ላም አርቢዎች የቀረበ

በመቀሌ ከተማ ሁለትና ሦስት የተዳቀሉ ላሞች በግቢው አስሮ ወተቱን ለጎረቤትና ለሻይ ቤት የሚሸጥ ሰው ብዙ ነው። ከእንደርታ ገጠርም ወተት በጄሪካን እየተያዘ ወደ ከተማው ይገባል። የዚህ ወተት አብዛኛው ሳይቀዘቅዝና ሳይመረመር እጅ በእጅ ይሸጣል። ታዲያ የወተት ደንብ ይጠብቃል የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፥ «ፋብሪካ ሊቋቋም ነው፥ አክሲዮኑ ሳይወደድ ቀድማችሁ ግዙ» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ከፊሉ እውነት፥ ከፊሉ ግን ያልተመረመረ ተስፋ ስለ ሆነ፥ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መመዘን ይገባችኋል።

ደንቡ ወዴት እንደሚያመራ ማወቅ አያስቸግርም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከባዕድ ነገር ጋር የተቀላቀለ ምግብ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ በወተት ላይ ውሃ መጨመርም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ደግሞ የወተቱን መጠን ከፍ ለማድረግ የታሰበ ነው። ወተት ሲበዛ ገዢው መምረጥ ይጀምራል። ላክቶሜትር በሚባለው መለኪያ ሲለካ ንጹሕ የላም ወተት ከ1.028 እስከ 1.032 ገደማ ያሳያል፤ ውሃ ከገባበት ቁጥሩ ይወርዳል። መኮምጠር የጀመረ ወተትም በአልኮል ሲፈተን ይቋጥራል፥ ለባለቤቱም ይመለስለታል።

ከእነዚህ ይልቅ የሚያሠጋው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ነው። የሚመጣው ከሻገተ መኖ ሲሆን፥ ይልቁንም በእርጥብ ቦታ ከተከማቸ የኑግ ፋጉሎ ነው። ላሚቱ ከበላችው በኋላ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን ቢያፈሉትም አይጠፋም። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በአንድ ኪሎ ወተት ውስጥ ከ0.5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ የአውሮፓ ሕግ ግን 0.05 ብቻ ነው የሚፈቅደው። የትኛውም ማሽን ይህን መርዝ አያጠራውም፤ መከላከያው ያለው በእናንተ የመኖ ጎተራ ውስጥ ነው።

ደንብ ሲጠብቅ የሚጠቀመው፥ ወተትን ወደ 4 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ፥ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ የሚያሞቅና የሚያሽግ ድርጅት ነው። ሻጮቹ የሚናገሩት እውነት ይህ ነው። ነገር ግን ድርጅት ተጠቀመ ማለት ባለአክሲዮኑ ሁሉ ተጠቀመ ማለት አይደለም።

የጎረቤታችንን የኬንያን ነገር ተመልከቱ። ኬ.ሲ.ሲ. የተባለው የወተት ድርጅት የገበሬዎች ሀብት ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ፥ በከተማ ወተት ለመሸጥም ለብዙ ዘመን መብቱ የእርሱ ብቻ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ንግዱ ለሌሎችም ተፈቀደ። ድርጅቱ አስቀድሞ በአስተዳደር ጉድለት ተዳክሞ ስለ ነበረ ተወዳዳሪዎቹን ሊቋቋም አልቻለም፤ የገበሬዎችን የወተት ሒሳብ እስከ አለመክፈል ደረሰ። በመጨረሻም ተሸጠ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 መንግሥት መልሶ ያዘው። ወተት አቅራቢና ባለአክሲዮን የነበረው ገበሬ በሁለት በኩል ተጎዳ። በአውሮፓም እ.ኤ.አ. በ1984 የተጣለው የወተት መጠን ገደብ በ2015 ሲነሣ፥ ብዙ ገበሬ አስቀድሞ ላም አብዝቶ ጠበቀ፤ ወዲያው ዋጋው ወደቀ፥ በ2016ም የአውሮፓ ኅብረት ወተት ለሚቀንስ ገበሬ ገንዘብ እስከ መክፈል ደረሰ። በአገራችንም ቢሆን በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበሩ ትልልቅ የግል የወተት እርሻዎች ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ተወርሰው ለመንግሥት የወተት ልማት ድርጅት ገብተዋል።

አሁን ወደ መቀሌ እንመለስ። የወተት ፋብሪካ ትርፍ የሚወሰነው በሚደርሰው ወተት ነው። እንበል፥ በቀን 10,000 ሊትር የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ለደመወዝ፥ ለመብራትና ለብድር ወለድ በቀን 100,000 ብር ቢያወጣ፥ ሙሉ ወተት ሲያገኝ በሊትር 10 ብር ይደርስበታል። 2,500 ሊትር ብቻ ቢያገኝ ግን ወጪው ስለማይቀንስ 40 ብር ይሆንበታል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፥ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም በብር ሲታሰብ እጅግ ተወድዷል።

ሁለተኛው ነገር ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ፍልሰታ 15 ቀን፥ ከዚያም የነቢያትና የሐዋርያት ጾም፥ በዚህ ላይ ረቡዕና ዓርብ አለ። የመቀሌ ሕዝብ አብዛኛው ጿሚ ሲሆን ላም ግን አትጾምም፤ በየቀኑ ትታለባለች። ስለዚህ ትኩስ ወተት ብቻ የሚያሽግ ድርጅት ከዓመቱ ብዙውን ክፍል ያለ በቂ ገበያ ይቀመጣል። ቅቤና አይብ የሚያወጣ፥ ወይም ለብዙ ወራት የማይበላሽ ወተት የሚያዘጋጅ ከሆነ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ አንድ ኪሎ ቅቤ ወደ ሃያ ሊትር ወተት ስለሚፈልግ ሒሳቡን በደንብ ማየት ያሻል።

አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. በወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 መሠረት ፕሮስፔክተስ የሚባለውን የሽያጭ መግለጫ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብ አለበት። መግለጫውን ጠይቁ፤ ማንበብ የሚያስቸግራችሁም ብትሆኑ የሚያነብላችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መግለጫ የሌለው ሻጭ ቢመጣ ገንዘብ አትስጡት። ደግሞም አክሲዮን በችግር ጊዜ ቶሎ ወደ ብር የማይለወጥ ንብረት መሆኑን አስቡ። ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በትግራይ ባንኮች ተዘግተው ሳሉ፥ በባንክ ያለ ጥሬ ገንዘብ እንኳ ማውጣት እንዳልተቻለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ብር ለደረቅ የመኖ ማስቀመጫና ለአሉሚኒየም የወተት ዕቃ ቢውል ይሻላል፤ ደንቡ ቢጠብቅም ቢዘገይም ይህ አይከስርም። ቀጥሎ የሚተርፍ ካለ በኅብረት ሥራ ማኅበር ዕጣ ማስገባት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት አንድ አባል አንድ ድምፅ ስላለው፥ ብዙ ዕጣ የገዛው ሰው የወተት ዋጋን ብቻውን አይወስንባችሁም። የኩባንያ አክሲዮን ሦስተኛ ይሁን፥ ያውም ቢጠፋ ቤተ ሰብ በማያስርብ ገንዘብ።

እናንተ የልማት ሠራተኞች ደግሞ ከዘወረደ እስከ ፋሲካ በየቤቱ ስንት ሊትር እንደ ታለበ፥ ስንቱ እንደ ተሸጠ፥ ስንቱ እንደ ተናጠ በደብተር መዝግቡ። አክሲዮን ሻጭ ወደ ቀበሌው በመጣ ጊዜ ያንን ደብተር ገልጣችሁ፥ የእነዚያን ሳምንታት ወተት በስንት ብር እንደሚረከብ በጽሑፍ እንዲመልስ ጠይቁት።