ያውቁ ኖሯል? ቦርጭ፣ ባጃጅና የአሞራ ገደል ዓሣ

ሀዋሳ ሜዳ ናት፤ ዛፍ አላት፤ ሐይቅ ዳር አላት። ለእግረኛና ለብስክሌት የሚመች ከተማ ከተፈለገ በአገራችን ከሷ የሚቀድም ብዙ የለም። እኛ ግን ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሐይቁ ዳር እስካለው ፍቅር ሐይቅ ለመውረድ እንኳ ባጃጅ እንጠራለን።

ያውቁ ኖሯል? በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ የከተማ ሴቶች መካከል 21 በመቶዎቹ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር። በገጠር 4 በመቶ ብቻ ነበር። የገጠሩ ቁጥር ያነሰው በከፊል በምግብ እጥረት ስለሆነ የሚያስቀና አይደለም፤ የከተማው ግን ያሳስባል።

ያውቁ ኖሯል? በአንድ ሳምንት ዳይት «አራት ኪሎ ቀነስኩ» የሚል ሰው የቀነሰው በአብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያስቀምጠው ስኳር በእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቋረጥ ስኳሩ ያልቃል፣ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። እንጀራው ሲመለስ ውሃውም ይመለሳል። የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው።

ያውቁ ኖሯል? አሜሪካ ውስጥ «ዘ ቢገስት ሉዘር» በተባለ የቴሌቪዥን ውድድር በጥቂት ወራት በአሥር ኪሎዎች የሚቆጠር ክብደት የቀነሱ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ከቀነሱት መልሰው ጨምረዋል። ይባስ ብሎ ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይል ከሚጠበቀው በቀን በ500 ካሎሪ ገደማ አንሶ ተገኝቷል። በጥድፊያ የሚጀምር ይህን ያስብበት።

ያውቁ ኖሯል? ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ በቀን አራት ጊዜ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ያህል ስኳር ወስዷል፤ ገና ለስላሳው ሳይከፈት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። በአንድ ቀን ስኳር ማቆም ግን አያዛልቅም። ሦስቱን ሁለት ተኩል ያድርጉት፤ ምላስ ሲለምድ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ተኩል። ጁስ ቤት ሲገቡም አቮካዶው ጥፋት የለበትም፤ «ስኳር ይቅር፣ ቪምቶም አይጨመር፣ ሎሚ ብቻ» ማለት ነው። አስተናጋጁ ቢገረም ይገረም!

ያውቁ ኖሯል? ጾም ብቻውን አያከሳም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ስላለው ከቅቤ አያንስም። በዘይት የሰመጠ ሽሮ፣ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የጾም ናቸው፣ የዳይት ግን አይደሉም።

ያውቁ ኖሯል? መቶ ግራም ጥሬ የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው ካሎሪው መቶ እንኳ አይሞላም። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ተቆራርጦ ጋን በሚያህል መጥበሻ ዘይት ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ምግብ ይሆናል። የዓሣ ሾርባውን ይዘዙ፤ ትኩስ ነው፣ ያጠግባል፣ ዋጋውም አይከብድም። ጥሬውን በዳጣ የሚወዱ አሉ፤ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ስለሚችል እኔ አልመክርም።

ያውቁ ኖሯል? ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በመዘገበው በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ በዓል፣ ከእንሰት የሚሠራው ቡርሳሜ በቅቤ ርሶ ይቀርባል። ይብሉት! በዓመት አንድ ቀን ቦርጭ አያወጣም።

ያውቁ ኖሯል? «በቀን 10,000 እርምጃ» የሚባለው ከሕክምና ጥናት የመጣ አይደለም፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለእርምጃ መቁጠሪያ መሣሪያ ማስታወቂያ የወጣ ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ነው። ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ይሆናል፤ በሐይቁ ዳር ጠዋት ዎክ ማድረግ ይበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ይጨመርበት። ታቦር ተራራን መውጣት ለእግር ጡንቻ ጥሩ ነው፤ የጂም ክፍያም የለውም።

ያውቁ ኖሯል? ሁለት ጠርሙስ ቢራ የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ የሚያቃጥለውን ያህል ካሎሪ አለው።

ያውቁ ኖሯል? በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይፋ በሆነ ትልቅ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደርገው፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ አይሞላም። ሸንቃጣ መሆን የግድ አይደለም።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ምግብ ከመቀነስዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ስኳርዎ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ምንም ሳይለውጡ ክብደትዎ ከቀነሰ ደግሞ ደስ አይበልዎ፤ ሳንባ ነቀርሳም ስኳርም እንዲህ ሊጀምሩ ስለሚችሉ ፈጥነው ይመርመሩ።